የቁልቁለት ፈተና፤ ስለ ጉልበት መጋጠሚያና ስለ ጭን ጡንቻ ጠባቂነት የቀረበ ዲስኩር



በዚህ በሰሜን ወሎ የተወለደ ሰው፥ ከእናቱ ጀርባ ወርዶ በገዛ እግሩ መቆም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ኑሮው ሁሉ በመውጣትና በመውረድ የተሞላ ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፥ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ በድልብ በኩል ዳገቱን ተያይዞ 3000 ሜትር ወደሚጠጋው የመቄት ደጋ ይወጣል፤ ወደ ደቡብ የሚሄደውም ስሪንቃን አልፎ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ መርሳ ይወርዳል፤ ከዚያም በስተምሥራቅ የሀብሩ ምድር ዝቅ እያለ ሄዶ ከአፋር ቆላ ጋር ይገናኛል። ዳገቱን ሁላችንም እንፈራዋለን፤ ልብ ይመታል፥ ትንፋሽ ይቆራረጣል፥ ላብ በጀርባ ይወርዳልና። ቁልቁለቱን ግን እንደ ዕረፍት ቈጥረን፥ ዳገቱን ከጨረስን መንገዱ ያለቀ መስሎን፥ ሳናስብበት እንወርደዋለን። እኔ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ላስረዳ የምሻው፥ ልብና ሳንባ በዳገት ቢፈተኑም ጉልበት የሚፈተነው በቁልቁለት መሆኑንና በዚያም ፈተና ጊዜ የጉልበት ዋና ጠባቂ የጭን ጡንቻ መሆኑን ነው።

የሕያዋን አካል በምን ኀይል እንደሚንቀሳቀስና ምን ያህል ሸክም እንደሚችል የሚመረምረውን ጥናት ዛሬ ባዮሜካኒክስ ይሉታል። ይህ ጥናት ስለ ጉልበት ያስገኘውን ዕውቀት ለመረዳት አስቀድመን የመጋጠሚያውን አሠራር ጥቂት እንመልከት።

ጉልበት በሰው አካል ካሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በእርሱ ላይ የጭን አጥንት ከላይ፥ የቅልጥም አጥንት ከታች፥ ሎሚ የምንለው ትንሽ አጥንት ደግሞ ከፊት ይገናኛሉ። የዳሌን መጋጠሚያ የተመለከተ ሰው የጭኑ አጥንት ክብ ራስ በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ መቀመጡን ያያል፤ የጉልበት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የጭኑ አጥንት የታችኛ ጫፍ በሁለት ክብ ጕብታዎች ሲያልቅ፥ የቅልጥሙ ራስ ግን ጠፍጣፋ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህም አጥንቶቹ በቅርጻቸው ብቻ ተማምነው ሊደጋገፉ አይቻላቸውም። ይህን ጕድለት ለመሙላት በሁለቱ አጥንቶች መካከል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ልም አጥንቶች ገብተዋል፤ በመጋጠሚያው ውስጥ ሁለት ጅማቶች በመስቀል አምሳል ተላልፈው ቅልጥሙ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳያፈተልክ ይይዙታል፤ በውስጥና በውጭ ጎኑም ሌሎች ሁለት ጅማቶች ወደ ጎን እንዳይዘም ያግዱታል።

ስለ እነዚያ የግማሽ ጨረቃ ልም አጥንቶች ጥቂት ልናገር፤ የእነርሱ ታሪክ ሊቃውንት ምን ያህል በዝግታ ወደ እውነት እንደሚደርሱ ያሳያልና። በ1897 እ.ኤ.አ. ብላንድ ሱተን የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ሐኪም እነዚህ ብልቶች ከጥንት ጡንቻ የተረፉ፥ ሥራ የሌላቸው ቅሪቶች መሆናቸውን ጽፎ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ልም አጥንቱ የተቀደደበት ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገባ፥ ሐኪሞቹ ያለ ብዙ ማመንታት ሙሉውን አውጥተው ይጥሉት ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ግን ፌርባንክ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ልም አጥንታቸው የወጣላቸውን ሰዎች ጉልበት በራጅ መርምሮ፥ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጊዜ በኋላ እንደሚጠብና የአጥንቱም ቅርጽ እንደሚለወጥ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ልኬቶች እነዚህ ትንንሽ ብልቶች በጉልበት ላይ ከሚያርፈው ሸክም ብዙውን እጅ ተቀብለው በሰፊ ቦታ ላይ የሚያከፋፍሉ መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ዛሬም ጥሩ ቀዳጅ ሐኪም የሚቻለውን ያህል ለማትረፍ ይደክማል። ግማሽ ምዕት ዓመት በፈጀው በዚያ ስሕተት ምክንያት ስንት ሰው ያለ ዕድሜው እንዳነከሰ ሳስብ፥ ከመለካት በፊት መፍረድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ይሰማኛል።

የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልም አጥንትም ከዚህ የማያንስ ምሥጢር አለው። የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው፥ ስንረግጥ እየተጫነ ስናነሣ እየተለቀቀ፥ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ በመምጠጥ ነው። እንግዲህ በመጠን የሚሄድ ሰው ጉልበቱን ይመግበዋል፤ ለወራት የተኛ ሰው ግን ያስርበዋል።

ይህ ሁሉ አሠራር ከመቼ ጀምሮ በሰው ዘንድ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ከሁሉ የታወቀው ማስረጃ የተገኘው ከእኛው ተራሮች በስተምሥራቅ፥ በአዋሽ ሸለቆ ነው። በ1966 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ሀዳር በተባለው የአፋር ምድር የአንድ ጉልበት ሁለት ክፍሎችን፥ ማለት የጭን አጥንትን የታችኛ ጫፍና የቅልጥም አጥንትን የላይኛ ራስ አገኘ፤ ዕድሜውም 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገመተ። ድንቅነሽ፥ ዓለም ሉሲ ብሎ የሚያውቃት፥ የተገኘችው ከዚህ በኋላ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህም በሀዳር የጥንቱ ፍጡር ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ይሄድ እንደ ነበረ አስቀድሞ የመሰከረው ጉልበት ነው። አመሰካከሩም እንዲህ ነው፤ የዝንጀሮና የቺምፓንዚ የጭን አጥንት በቅልጥሙ ላይ ወደ ቀጥታ በተጠጋ መሥመር ሲቆም፥ የሰው የጭን አጥንት ግን ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህም ማዘንበል ምክንያት አንዱን እግር አንሥተን በሌላው ስንቆም የሰውነታችን ክብደት በቆመው እግር ላይ በቅርብ ያርፍና ወደ ጎን ሳንንገዳገድ እንራመዳለን። የሀዳሩ ጉልበት ይህ ማዘንበል ነበረው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ፥ ይህ ማዘንበል ከእናት ማሕፀን ይዘነው የምንወጣው አለመሆኑ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የጭን አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው፤ መዳህን ትቶ ሲቆም፥ ወድቆ ሲነሣ፥ ከምድጃ እስከ ደጃፍ ሲመላለስ፥ በየርምጃው የሚያርፈው ሸክም በማደግ ላይ ያለውን አጥንት ጥቂት በጥቂት እየቀረጸ ያዘነብለዋል፤ በሕመም ምክንያት ከቶ ያልሄደ ልጅ ግን ይህን ማዘንበል አያገኝም። የሰው ጉልበት በከፊል በመሄድ የተሠራ ነው ማለት እንችላለን።

ያ ጉልበት ከአፋር አሸዋ በተነሣበት ዘመን፥ በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ የወሎ ሕዝብ በታላቅ ረኀብ ተይዞ ከየደጋው ወደ አውራ ጎዳናው ወርዶ፥ ከደሴ እስከ ቆቦ ባሉት ከተሞች ዳር ፈስሶ እንደ ነበረ ከእናንተ መካከል በዐይኑ ያየ አለ። ይህን ኀዘን እዚህ ላይ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውነት ምግብ ባጣ ጊዜ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ነፍሱን ያቆያል፤ ከሚፈርሱትም ጡንቻዎች መካከል ግዙፎቹ የጭን ጡንቻዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ቁልቁለቱን የወረዱት ወገኖቻችን ጠባቂው የተወሰደበት ጉልበት ይዘው ነው የወረዱት።

አሁን ወደ ኀይሉ ነገር እንግባ። በ1680 እ.ኤ.አ. በሮም መታተም የጀመረው፥ ደራሲው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ግን ሞት ቀድሞት ታትሞ ያላየው ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የተጻፈው መጽሐፍ፥ የሚዛንንና የማንሻን ሕግ በጡንቻና በአጥንት ላይ አውሎ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፤ ይኸውም ጡንቻ ከመጋጠሚያው እጅግ ቀርቦ ስለሚስብ፥ ከሚሸከመው ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኀይል ማውጣት ግዴታው መሆኑ ነው። ይህን በጉልበት ላይ በቍጥር እናስረዳው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ በአንድ እግሩ ቢቆም፥ የክብደቱም መሥመር ከጉልበቱ መዞሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያልፍ፥ ከሎሚ በታች ወርዶ ቅልጥሙን የሚይዘው ጅማት ግን ከዚያው መዞሪያ የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፥ ሰውየው እንዳይወድቅ ያ ጅማት በ120 ኪሎ ኀይል መሳብ አለበት፤ በቅልጥሙ ራስ ላይ የሚያርፈውም የጅማቱ 120ና የሰውየው 60 ተደምሮ 180 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በጉልበታችን ላይ ከሚያርፈው ሸክም የሚበልጠውን እጅ የሚያመጣው የገዛ ጡንቻችን መሳብ ነው። ሎሚም በዚያ ቦታ መቀመጡ ጅማቱን ከመዞሪያው ጥቂት እንዲያርቀውና የጡንቻውን ድካም እንዲያቀልለት ነው፤ ሎሚው ተሰብሮ የወጣለት ሰው እግሩን ለመዘርጋት ከቀድሞው የበለጠ መሳብ የሚኖርበት ስለዚህ ነው።

ቦሬሊ በሐሳብና በስሌት የደረሰበትን ነገር የዘመናችን ሊቃውንት በሕያው ሰው ውስጥ ለመለካት ችለዋል። በበርሊን በሻሪቴ ሆስፒታል ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ ጉልበት ለተተካላቸው 5 ሰዎች፥ በውስጡ ኀይል የሚለካ መሣሪያ ያለበት፥ ልኬቱንም በሬድዮ ሞገድ ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ ጉልበት ተገባላቸው፤ ውጤቱም በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሁለት እግር ቆሞ ለሚገኝ ሰው በአንዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኀይል የሙሉ ክብደቱን 107 በመቶ ያህል ሆነ፤ በሜዳ ለሚሄደው 261 በመቶ፤ ደረጃ ለሚወጣው 316 በመቶ፤ ደረጃ ለሚወርደው ደግሞ 346 በመቶ። ቁልቁለቱ ከዳገቱ በለጠ። የዚህን ምሽት ንግግር የመሠረትሁት በዚህ ቍጥር ላይ ነው።

ለምን በለጠ? ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ሰውነታችንን ወደ ላይ ያነሣል፤ ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየረዘመ ሰውነታችን እንዳይወድቅ ይዞ በዝግታ ያወርደዋል። በገመድ የታሰረ ባልዲ ወደ ጕድጓድ የሚያወርድ ሰውን አስቡ፤ ገመዱ ከእጁ እየሸሸ ይሄዳል፥ እርሱ ግን አጥብቆ እንደ ያዘ ነው፤ ቢለቀው ባልዲው ከታች ወድቆ ይሰበራል። ከጭን በስተፊት ያለው ባለ አራት ራስ ጡንቻ በእያንዳንዱ የቁልቁለት ርምጃ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። እየረዘመ የሚሠራ ጡንቻ እያጠረ ከሚሠራው ይልቅ ታላቅ ኀይል ለማውጣት የሚችል ሲሆን፥ ለዚያም ሥራ የሚፈልገው አየር እጅግ ጥቂት ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. አቦት፥ ቢግላንድና ሪቺ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አያይዘው፥ አንዱ ወደ ፊት ሲረግጥ ሌላው ፔዳሉ እንዳይዞር እንዲገታ አድርገው በለኩ ጊዜ፥ ሁለቱ በእኩል ኀይል ሲታገሉ የሚገታው የሚፈልገው አየር ከሚረግጠው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በለንደንም ለሕዝብ ባሳዩት ጊዜ ሰውነቷ ትንሽ የሆነችው ቢግላንድ ያለ ብዙ ድካም ወንዱን ባልደረባዋን እስኪዝል ድረስ ገታችው።

ቁልቁለት የሚያታልለን በዚህ ነው። ሳንባችን ስለማይጨነቅ ያረፍን ይመስለናል፤ በዚያው ሰዓት ግን የጭናችን ጡንቻ ከዳገቱ የበለጠ ኀይል ይዞ፥ በትንንሽ ቃጫዎቹ ላይ ጕዳት እየተቀበለ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ፥ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ ተጕዞ የተመለሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ረጅሙን ቁልቁለት ወርዶ ሲቆም እግሩን ብርክ ይይዘዋል፥ በማግሥቱም ጭኑ ድቅቅ ብሎ ከመደብ ለመነሣት ያቅተዋል። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል፤ አንድ ጊዜ በቁልቁለት የተፈተነ ጡንቻ ለብዙ ሳምንታት ከዚያው ዐይነት ጕዳት ይጠበቃል። በየቀኑ የምትወርደውና የምትወጣው የሀብሩ ገበሬ ሚስት ከቢሮ ወንበር ተነሥቶ በዓመት አንድ ጊዜ ተራራ ከሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ ቁልቁለቱን የምትችለው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ እርሷ ሸክም ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። በ1986 እ.ኤ.አ. በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ተመርምረው፥ የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል ሸክም ተሸክመው በሜዳ ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ አየር እንደማይፈልጉ በታወቀ ጊዜ ዓለም ሁሉ ተደነቀ። እኔም አደንቃለሁ፤ ግን የትንፋሽ ቍጠባ ጉልበትን ከሸክም ነጻ አያወጣውም። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ባዶዋን ስትወርድ በጉልበቷ ላይ የሚያርፈውን በበርሊኑ ሚዛን ብናሰላው 208 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን በጀርባዋ ብታዝልና ሸክሙ እንደ ሰውነቷ ክብደት ቢቈጠር 277 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም በእያንዳንዱ ርምጃ ነው። ምንጩ ከመንደሩ በላይ የሆነላት ሴት ውኃዋን ተሸክማ የምትወርደው ቁልቁለቱን ነው። የውኃ ቧንቧ የሚዘረጉ ባለ ሥልጣኖች የሚያስቡት ስለ ጥራቱና ስለ ርቀቱ ነው፤ ስለ ጉልበቷም ጭምር ቢያስቡ እወድዳለሁ።

የጸሎት ሥርዐታችንም ከጉልበት ጋር እጅግ የተሳሰረ ነው። በቤተ ክርስቲያን አስተብርኮና ሰጊድ በልዩ ልዩ መጠን ጉልበትን ያጥፋሉ፤ በመስጊድም ከሩኩዕ ወደ ሱጁድ የሚወርደው ምእመን ጉልበቱን እስከ መጨረሻው አጥፎ ይቀመጣል። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው በሜዳ ስንሄድ ሎሚ በጭኑ አጥንት ላይ የሚጫነው በክብደታችን ግማሽ ያህል ሲሆን፥ ጉልበታችንን በጥልቅ አጥፈን ስንነሣ ግን ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚህ ሥርዐት ያደገ ሰው ጡንቻውም መታጠፊያውም ይለምደዋል፤ ስለዚህ በሕማማት ሳምንት የሚሰግደውን ሽማግሌ ተው የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም፤ በዝግታ ይውረድ፥ ጡንቻው ይያዘው እላለሁ እንጂ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው ከተሰበረ በኋላ በቀረው እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው መጸለያቸውን ገድላቸው ይተርካል፤ በበርሊኑ ልኬት በአንድ እግር የሚቆም ሰው ጉልበት የክብደቱን 259 በመቶ ስለሚሸከም፥ የተጋድሎውን ብርታት ይህ ቍጥር ጥቂት እንድንረዳው ያደርገናል። አባቶች በማኅሌት የሚደገፉት መቋሚያና እረኛው የሚይዘው ዱላ ለጉልበት ያላቸው ጥቅምም ተለክቷል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት ምርኩዝ ይዘው 25 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች በጉልበታቸው ላይ ያረፈው ኀይል ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በትር መያዝን እንደ እርጅና ምልክት ቈጥሮ የሚያፍር ጎልማሳ ይህን ይስማ።

ስለ ጉልበት ሕመምም አንድ የተስፋፋ ሐሳብ ልቃወም። ብዙ ሰው ጉልበት በመሥራት ብዛት ያልቃል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህም ጉልበቱ ሲያመው መተኛትን ይመርጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ዐፅሞች ምርመራ ግን የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ከ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወዲህ በእጥፍ እንደ በዛ፥ ዕድሜና ውፍረት ተቀንሰው ቢታሰቡም ልዩነቱ እንዳልጠፋ አሳየ፤ የበዛውም በእርሻና በእግር መንገድ በደከሙት ትውልዶች ዘንድ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ በመጡት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተመራማሪዎች በራጅ የሚታይ ብግነት እያላቸው ገና ሕመም ባልጀመራቸው ሰዎች ዘንድ እንኳ የጭን ጡንቻ ደክሞ እንደሚገኝ አስተውለው፥ የጡንቻው ድካም ከሕመሙ ሊቀድም ይችላል የሚል ግምት ሰጥተዋል። ጡንቻን በመጠን ማሠራት ሕመሙን እንደሚያቀልል ከዚያ ወዲህ በብዙ ሙከራ ታይቷል። ለወፈረ ሰውም መልካም ወሬ አለ፤ ከክብደቱ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ ርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ያወርዳል።

ጉልበቱ ውኃ የቋጠረበት ሰው ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። በመጋጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመ ጥቂት ፈሳሽ፥ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር እንኳ ቢሆን፥ ለጭን ጡንቻ የሚደርሰውን የነርቭ ትእዛዝ ያዳክማል፤ ጡንቻው ሳይቈረጥና ሳይጐዳ ይደክማል፥ ሰውየውም ቁልቁለት ሲጀምር ጉልበቱ በድንገት ይከዳዋል። ወጌሻ የአባቶቻችን ጥበብ ባለቤት ነውና አከብረዋለሁ፤ ያበጠ፥ የጋለ ወይም ትኵሳት ያስከተለ ጉልበት ግን ከመታሸቱ በፊት በሐኪም ይታይ።

በወልድያ ስታድየም የሚጫወቱ ወጣቶች፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በመስቀል አምሳል ካሉት ጅማቶች የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በመጋጨት ሳይሆን፥ ዘልለው ሲያርፉ ወይም በሩጫ ድንገት ሲዞሩ ጉልበት ቀጥ እንዳለ ሲቀር ነው። ከጭን በስተኋላ ያሉት፥ ጅማታቸው በቋንጃ በኩል የሚዳሰስ ጡንቻዎች ቅልጥሙን ወደ ኋላ እየሳቡ ያን ጅማት ያግዙታል፤ ስለዚህ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም አበርቱ፥ ስታርፉም ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እረፉ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በዚህ አካባቢ ባለፈ ጊዜ እግራቸውን ያጡ ወገኖቻችን በመካከላችን አሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ እግሩ ከጉልበት በታች የተቈረጠ ሰው ከጉልበት በላይ ከተቈረጠበት ይልቅ ፈጥኖና በአነስተኛ ድካም እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ጉልበትን ለማትረፍ የሚደክም ቀዳጅ ሐኪም ለቁስለኛው የዕድሜ ልክ ርምጃ ያተርፍለታል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት በደሴ ያለው የአካል ማገገሚያ ማዕከልም፥ ከእግሩ ጋር የቀረውን ጡንቻ የሚያለማምድ ባለሙያ ካልተጨመረበት ሥራው ግማሽ ነው፤ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ያ የቀረው ጡንቻ ነውና።

ክቡራን ሆይ፤ በዚህ ምሽት ከቈጠርኋቸው ቍጥሮች ብዙዎቹ ከበርሊን፥ ከለንደንና ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። የበርሊኑ ልኬት የተወሰደው በደረጃ ላይ ከወጡና ከወረዱ 5 ሰዎች ነው፤ በሀብሩ ያለውን የግራናን ሸለቆ ሸክም ይዞ የሚወርደው ጉልበት በዚያ ሚዛን ላይ አልቆመም። የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላን ዘር ከሌላ አገር በመጣ መጽሐፍ ብቻ ሳይተማመን፥ በዚሁ በሀብሩ አፈር ዘርቶና ለክቶ፥ ለአንዱም ዘር የግራናን ስም ሰጥቶ ለገበሬው አቅርቧል፤ ማሽላውን የሚዘራው ሰው ጉልበትም ይህን ያህል ሊለካ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የበርሊን ሀብት አያስፈልግም፤ አንድ ወንበር፥ አንድ ሰዓትና አንድ ሜትር ይበቃሉ። ሰው እጁን ሳይደገፍ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሣ መቍጠር፥ የጭኑን ዙሪያ መለካት፥ ሲወርድ በስልክ ካሜራ መቅረጽ፥ ይህንንም ከዓመት ዓመት መመዝገብ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከጤና ባለሙያዎች ዐቅም በላይ አይደለም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን መምህራንና የሆስፒታሉን ሐኪሞች በዚህ ጉባኤ ፊት የምለምናቸው፥ ይህን መዝገብ በመጪው ዓመት ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር ውኃ ቀጂ እናቶች እንዲጀምሩ ነው። እናንተም አድማጮቼ ነገ ጠዋት ከመደባችሁ ስትነሡ በእጃችሁ ሳትደገፉ፥ በዝግታ አሥር ጊዜ ተነሥታችሁ ተቀመጡ፤ ወደ ገበያ ስትወርዱም በትራችሁን ያዙ።